ለባሕር ያልተሠራ ዘንግ

«ጋሼ፣ ግን ይሄ ነገር ዋጋውን ያወጣል?» አለኝ ሾፌሩ ወዳጄ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ አግድም ይዞ እያገላበጠ።

«አያወጣም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ይዘውት ይዞራሉ?»

«አንተ ያንን የሚያስል መኪናህን ይዘህ ስትዞር እኔ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

ሳቀ። ይህ ሰው ደስ የሚለው ስሰድበው ነው። ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ በወረደ ቁጥር፣ ወደብ ገብቶ ኮንቴይነር የሚጭንበት ተራ እስኪደርሰው ድረስ ቀኑን የሚገድለው ከእኔ ጋር ነው። የተዋወቅነው እኔ ትራንዚተር ሆኜ የጉምሩክ ወረቀቱን እየጨረስኩለት ነበር። ጡረታ ስወጣ ወረቀቱን የሚጨርስለት ሌላ ሰው አገኘ፣ እኔን ግን አልተወኝም። የሠላሳ ዓመት ሥራ ትቶልኝ የሄደው ሰው እሱ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያን ቀን በሲየስታ የባሕር ዳርቻ ቆመን ያነሣት ጥያቄ ለእሱ የጨዋታ ጥያቄ ነበረች። እኔ ግን ዘንጉ እጄ ከገባ ጀምሮ እሷኑ ሳላምጥ ነበር የከረምኩት። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያስጨንቀኝም፤ የገንዘብን ነገር ጠንቅቄ አውቃለሁ። የጨነቀኝ ይህን የመሰለ ውድ ዘንግ ለእኔ ለምን እንደተላከ ነበር። መልሱን አውቄዋለሁ ብዬም አምን ነበር።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ነው። አያቴ ባቡሩን ተከትሎ ከድሬዳዋ ወረደ፣ አባቴም እዚሁ ኖሮ እዚሁ ተቀበረ። ጅቡቲን የሚወዳት ሰው ብዙ የለም። መንገደኛው ስለ ሙቀቷ ያማርራል፣ ነጋዴው ስለ ኑሮ ውድነቷ ያማርራል፣ ሾፌሩ ስለ ሁለቱም ያማርራል። እኔም አማርራለሁ፤ እኔ ግን ሳማርር የገዛ ቤቱን እንደሚያማ ሰው ነው። ሌላ ሰው ካማት እጣላዋለሁ። በሰርግ ይሁን በለቅሶ፣ ስለ ስደት ወሬ በተነሣ ቁጥር አንዲት አባባል አለችኝ፦ «እኔ ከዚህ ከተማ የምወጣው በሳንዱቅ ነው።» ሰው ይስቃል፣ ሚስቴም አብራ ትስቅ ነበር።

ሚስቴ የሄደችው ልጃችን ፈረንሳይ ውስጥ ስትወልድ ነው። በተራራ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አራስ ልጅን ብቻዋን መተው በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም ሻንጣዋን ራሴ ተሸክሜ ሸኘኋት። «ክርስትናው ሲያልፍ እመለሳለሁ» አለች። ሕፃኑ ወንድ ነው፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ከዚያ ትንሽ ይጠንክር ተባለ። ከዚያ ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ትኩሳት አለው ተባለ። ከዚያ የልጁ አባት ልጄን ጥሏት ሄደ፣ ያን ጊዜማ ማን ወንድ ነው ነይ የሚላት። አሁን ልጁ ሮጦ አፉን ፈትቷል። በስልኩ መስኮት ፊቴን ሲያይ ወደ ሚስቴ ዞሮ ይሄ ሰውዬ ማነው ብሎ በፈረንሳይኛ ይጠይቃታል።

በየቀኑ እንደዋወላለን። ምን በላህ ትለኛለች። ሩዝ እላታለሁ። ሙቀቱስ? አለ፣ የት ይሄዳል። መብራት ጠፋ? ጠፍቶ መጣ። እሷ ደግሞ ስለ በረዶ ታወራኛለች። ይህ ሁሉ ወሬ ሲወራ ግን እኔ «ነይ» አላልኳትም፣ እሷም «ና» አላለችኝም። እኔ ነይ ብላት ልጇን ከጭንቅ ላይ ጥላ እንድትመጣ ማዘዝ ነው፤ አልወጣኝም። ወደዚያ መሄዱን ደግሞ አላሰብኩትም አልልም። ነገር ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባል ሰው አይደለሁም። የጠራኝ የለም።

ከመሄዷ በፊት ዓርብ ዓርብ ዓሣ እናጠምድ ነበር። እናጠምድ ስል የማጠምደው እኔ ነኝ። ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረንም። እዚህ አገር ሰው የሚያጠምደው በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ላይ በተጠቀለለ የናይሎን ክር ነው፤ ጫፉ ላይ መንጠቆና ትንሽ እርሳስ፣ መንጠቆው ላይ የዓሣ ቁራጭ። ክሩን በአየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙረህ ትለቀዋለህ፣ ከዚያ በጣትህ ታዳምጠዋለህ። እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ በፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ከጎኔ ትቀመጣለች። ክሩን አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ሥራዋ ማሽሟጠጥ ነበር። «ይሄን ሁሉ ፀሐይ ተጠብሰህ የያዝከው እሱን ነው? ከእሱ አንተ ራስህ ትበስላለህ» ትለኛለች። ግን አንድም ዓርብ ቀርታ አታውቅም። ስትታመም እንኳ ጋቢ ደርባ መጥታለች።

ከሄደች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ወንበር ይዤ እወርድ ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን አንድ መንገደኛ መጥቶ «ሰው አለበት?» ብሎ ሊቀመጥበት ሲል ቱግ ብዬ ጮኽኩበት፤ ከዚያ በኋላ የእሷን ወንበር ቤት ውስጥ ከበሩ ጀርባ አስቀመጥኩት። ዳቦ ግን እስከ ዛሬ ሁለት ነው የምገዛው። አንዱ ይደርቅና በማግስቱ ለፍየሎች እሰጠዋለሁ። የሰፈሩ ፍየሎች ያውቁኛል።

ዘንጉ የመጣው በአንድ እሑድ ነው። ከፈረንሳይ የተመለሰች ሴት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «ከልጅዎ ቤት ነው» ብላ ረጅም ክብ ሣጥን አስረከበችኝ። እዚያ የቆሙት እኩዮቼ ዝም አላሉም። «መቋሚያ ተላከልህ እንዴ? ዘንድሮ ማሕሌት ልትቆም ነው?» አለ አንዱ።

«እንዳንተ ላለ ሰነፍ ጀርባ የታዘዘ ነው» አልኩትና ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አልጋው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አራት ቦታ የተከፋፈለ ቀጭን ዘንግ፣ በእጅ ሲይዙት የማይሰማ ቀላል የክር ማጠንጠኛ፣ ወፈር ያለ ደማቅ ክር፣ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ደግሞ በላባና በክር የተሸፈኑ ጥቃቅን መንጠቆዎች። ዕድሜውን በወደብ የጨረሰ ሰው ዕቃን በመንካት ያውቀዋል። ርካሽ ዕቃ መያዣው ይጮኻል፣ ጥሩ ዕቃ ዝም ይላል። አራቱን ክፍል ገጣጥሜ ስወዘውዘው ጫፉ ተንቀጥቅጦ ወዲያው ጸጥ አለ። ውድ ነበር። በጣም ውድ ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለቀስኩ።

ሰው ጥሩ ስጦታ ደርሶት ያለቅሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ከተማ ያልኖረ ሰው ይህ አይገባውም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ የሚልከው ሳሙና፣ ቸኮላት፣ ካልሲ ነው፤ ዋናውን ስመጣ ይዤ እመጣለሁ ይላል። የማይመጣ ሲሆን ግን ትልቁን ቴሌቪዥን ይልካል። ጎረቤቴ ከልጆቹ ያማረ ካፖርት ተልኮለት፣ ጅቡቲ ላይ ካፖርት ምን ያደርግልኛል እያለ ሲስቅ፣ እኔ ልጆቹ እንደማይመለሱ ያን ዕለት አወቅሁ። አልተመለሱም። የዕቃው ጥራት የላኪውን ርቀት ይነግርሃል። ለእኔ ደግሞ ከዕቃ ሁሉ የበለጠው መጣልኝ። ከእንግዲህ ብቻህን ተጫወት የተባልኩ መሰለኝ።

በዚያው ቀን ደወለች። «ደረሰህ?»

«ደረሰኝ።»

«ከፈትከው?»

«ከፈትኩት።»

«እና?»

«ጥሩ ዕቃ ነው። ልጅቷን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» አልኳት።

«ምን እንደሆነ ገባህ?»

«የዓሣ ማጥመጃ መሆኑ ሊጠፋኝ ነው? ሸመገልኩ እንጂ አልታወርኩም።»

«እሺ» አለች፣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ። ልጁ አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

በሳምንቱ ይዤው ወረድኩ። የድሮውን ክር እንደምወረውር አድርጌ ብወረውረው ክሩ እግሬ ስር ተቆለለ። ደግሜ ብወረውረው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ውኃው ላይ ቢያርፍ እንኳ አይሰጥምም፤ እንደ ተጣለ ገመድ ይንሳፈፋል። ከራሴ ጋር እየተሳደብኩ ሳለ ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ቆሞ አየኝ። መሳቅ ፈልጎ ራሱን የገታ ይመስላል። ይቅርታ ጠይቆ ተጠጋና ዘንጉን እንዳየው ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ከየት አገኘኸው?»

«ልጄ ልካልኝ ነው።»

«ግሩም ዘንግ ነው» አለ። «የወንዝ ነው ግን። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወርድ ወንዝ። ዓሣው ዝንብ የወደቀ መስሎት ከላይ ይነጥቀዋል። ላባ የታሰረበት መንጠቆ ዝንቡ ነው።»

«ዝንብ ከሆነ እዚህ ዓሣ ገበያው ሞልቷል» አልኩት፤ ይህን ጊዜ መሳቁን ሳቀ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። አወራወሩን አሳየኝ። በዚህ ዘንግ የሚወረወረው መንጠቆው ሳይሆን ክሩ ራሱ ነው፤ ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ ጆሮህ ጋ ስትደርስ ታቆማለህ፣ ክሩ ከኋላህ እስኪዘረጋ ትታገሣለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ትልቁ ነገር ያቺ ትዕግሥት ናት አለኝ። ከዚያ ዘንጉን እየመለሰልኝ፣ ሾፌሩ ወዳጄ ኋላ የጠየቀኝን ነገር ሳልጠይቀው መለሰልኝ። «በቦታው ሲሆን የወጣበት እያንዳንዱ ሳንቲም ይገባዋል። ቢሰበር እንኳ የተገዛበት ሱቅ ብትመልሰው ይቀይሩልሃል፣ ዕድሜ ልክ ነው ዋስትናው። እዚህ ግን…» ብሎ ባሕሩን አየና ትከሻውን ነቀነቀ።

«የማን ዕድሜ ልክ? የእኔ ወይስ የዘንጉ?» አልኩት። ውሻውን ጠርቶ መንገዱን ቀጠለ።

ልጄ ተሳስታለች አልኩ በልቤ። ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች ልጅ ወንዝ ከየት ታውቃለች፤ ሱቅ ገብታ አባቴ ዓሣ ይወዳል፣ ምርጡን ስጡኝ ብላ ይሆናል፣ ነጋዴውም ምርጡን ሸጠላት። እንዲያ ብዬ ይቅር አልኳት፣ ግን እየተናደድኩ ነበር። ብቻህን ተጫወት መባሌ አንሶ መጫወቻውም የማይሠራ ሆነ።

ይህን እያወቅሁ በየጧቱ ይዤው መውረዴን አልተውኩም። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ውኃው እስከ ሩቅ ድረስ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። እዚያ መሐል ገብቼ ወደ ኋላ እስባለሁ፣ አቆማለሁ፣ እታገሣለሁ፣ እወረውራለሁ። ማዶ የወደቡ ክሬኖች ዕቃ ያወርዳሉ። ድሮ እያንዳንዱ መርከብ ምን እንደያዘ አውቅ ነበር፤ ዛሬ የመርከቦቹን ቀለም ብቻ ነው የማውቀው። ኻምሲኑ፣ ያ አሸዋ ያዘለው ትኩስ ነፋስ፣ ከመነሣቱ በፊት ክሩ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይዘረጋና ለስለስ ብሎ ያርፋል። ያኔ ዘወር እላለሁ፣ አየሽው ለማለት። ከጎኔ ማንም የለም። ብቸኛ ነበርኩ፤ ዓሣ አልመጣም፣ ሰውም አልመጣም።

ሾፌሩ ያቺን ጥያቄ የጠየቀኝ በዚህ መሐል ነው። ወደብ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጧት ወደ ዳርቻው ተከትሎኝ ወረደ። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጥቂት ወርውሮ ሞከረና ክሩ ሲንሳፈፍ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ችግሩ ታወቀ። ክብደት የለውም።»

«ፈረንሳዩ ክብደት አያስፈልገውም ብሏል።»

«ፈረንሳዩ ስንት ዓሣ ያዘ?»

ሮጦ ወደ መኪናው ሄዶ ከመፍቻው ሣጥን ዳዶ ይዞ መጣ። የመኪና ጎማ የሚታሰርበት ዓይነት ትልቅ ዳዶ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ አሰረው። አይሆንም ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን በሐቅ ከተባለ እኔም ዓሣ መያዝ ናፍቆኛል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሰው ከጎኔ ቆሟል። «በል ወርውር» አልኩት። በሙሉ ጉልበቱ ወረወረ። ቀጭ አለ። ዳዶው የጫፉን ግማሽ ይዞ ባሕር ገባ።

ሁለታችንም የቀረውን ዘንግ እያየን ቆምን። ዓሣ እንኳ ቢያየን ያዝንልን ነበር።

«እከፍልዎታለሁ ጋሼ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

«በምን? በትርፍ ጎማህ? ሂድ፣ ተራህ እንዳያልፍህ።» ትከሻውን መታ አድርጌ ሸኘሁት። እያዘነ ሄደ።

እኔ ግን አላዘንኩም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስብራቱን እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፈረንሳዊው የተገዛበት ሱቅ ይቀይሩታል ብሏል። ሱቁ እነሱ ጋ ነው። ዘንጉ ተሰበረ ብዬ ስነግራት፣ «እሺ፣ አዲሱን ጫፍ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ» ልትል ትችላለች። ሌላ ነገር አልፈለግሁም። መቼ እንደምትመጣ ባትነግረኝም ግድ የለም፤ «ስመጣ» የምትለዋ ቃል ብቻ ከአፏ ትውጣ። በተሰበረ ዕቃ እንዲህ ደስ ያለው ሰው ካርቲየ 4 ውስጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም።

እስከ ዓርብ አቆየሁት። ዓርብ ከወንበሬ ጋር ወርጄ፣ የተሰበረውን ዘንግ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ በቪዲዮ ደወልኩላት።

«ዘንጉ ተሰበረ» አልኳት።

«ውይ፣ የቱ ጋ?»

«ጫፉ ጋ።»

«አይዞህ፣ ይቀየራል። ሻጩ ነግሮኛል፣ በነፃ ነው የምንቀይረው ብሎኛል።»

«እንዴት ነው የሚቀየረው?» አልኳት።

«ዘንጉ እዚህ መምጣት አለበት።»

ጠበቅሁ። «ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ማለት ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰው ሲገኝ።»

በቃ። የጠበቅኋት ቃል አልወጣችም። ላከው፣ እንልክልሃለን፤ ዕድሜ ልክህን እንዲህ እየላክን እንኖራለን የተባልኩ ሆኖ ተሰማኝ። ውስጤ ያለው ነገር ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «አንቺ ሴትዮ» አልኳት፣ «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ቁርጡን ንገሪኝ።»

ከተለያየን ጀምሮ ይህን ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላዋ የልጁ ጫጫታ ይሰማ ነበር። ከክፍሉ ወጥታ በር ስትዘጋ ሰማሁ፣ ከዚያ ጫጫታው ራቀ።

«አልመጣም» አለች። «ልጅህን እያወቅሃት። ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ይህን ልጅ ለማን ጥዬ ልምጣ? አልመጣም።»

ቁርጡን ንገሪኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሲነገረኝ ግን ዓይኔን አንሥቼ የማይበት ቦታ አጣሁ። «አውቄው ነበር» አልኳት። «ዘንጉ የመጣ ዕለት አውቄዋለሁ። ከእንግዲህ ብቻህን ተጫወት ማለታችሁ አይደል? ልጅቱም አላወቀችም እንጂ ለእዚህ ባሕር አይሠራም እኮ። የወንዝ ነው።»

«የወንዝ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አንድ ፈረንሳዊ።»

«መቼ?»

«ገና ያኔ። በመጣ በሳምንቱ።»

«እና የወንዝ መሆኑን ካወቅህ በኋላ ነው ዝም ያልከኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ ሰው፣ እዚያ የት ወንዝ አለና ነው የወንዝ ዘንግ የምልክልህ? ልጅህ አልገዛችውም። እኔ ነኝ የገዛሁት። ከዚህ ቤት በታች ወንዝ አለ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ሱቅ ድረስ ሄድኩ፤ ለሰውየው አሳየሁትና ለዚህ ወንዝ የሚሆነውን ስጠኝ አልኩት። ውዱን አምጥቶ ሲያሳየኝ፣ ባለቤትሽ ይህን ሲያይ ይገባዋል አለኝ። ይገባዋል ብዬ እኔም ወሰድኩት።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ከመርከብ እየተቀበልኩ ወደ መድረሻው ሳሳልፍ ኖሬያለሁ። የማንም ዕቃ ጅቡቲ ላይ እንዲቀር አልፈቀድኩም። የራሴ ዕቃ ሲመጣ ግን ጥራቱን አይቼ፣ ዋጋውን ገምቼ፣ አልቅሼበት፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳላይ ባሕር ውስጥ ስወረውረው ከረምኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«በሳንዱቅ ነው የምወጣው ስትል ነው የኖርከው። ጠርቼህ እምቢ ብትለኝስ? እምቢ ካልከኝ በኋላ ምን ብዬ ነው በየቀኑ ምን በላህ የምልህ?»

ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ውኃው የወንበሬን እግር ነካ። ስለ አያቴ ቤት ልነግራት አሰብኩ፣ ስለ አባቴ መቃብር፣ ስለ ብርዱ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጓንት አድርጌ መሄድ እንደማልችል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወንዙ ዓሣ አለው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «ሰዎች እዚያ ቆመው ሲወረውሩ በመስኮት አያቸዋለሁ። ወርጄ አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ? ለምን?»

«ብቻዬን ወርጄ ማንን ላሽሟጥጥ?»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ ጋር ሌላውም መጣ፤ ስልኩን ከፊቴ አራቅሁት እንዳታየኝ። ስመልሰው እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

«ወንበርሽ ቤት ነው ያለው» አልኳት። «ከበሩ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ማንም አልተቀመጠበትም።»

«እንግዲያውስ» አለች፣ «ይዘኸው ና።»